«ከ199 ዶላር ጀምሮ» ለሚል የመርከብ ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

መርከቡን አላማም። ንጹሕ ነው፤ ምግቡ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ሠራተኞቹም ትሑቶች ናቸው። ሿሿ የተሠራነው እዚሁ አገር ቤት፣ ገና ባሕር ሳናይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በቴሌግራም የሚዞር ፖስተር አለ። ነጭ መርከብ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ከሥሩ በቀይ «3 ሌሊት ከዱባይ፣ ከ199 ዶላር ጀምሮ፣ ለጓደኛሞች ልዩ ቅናሽ» ይላል። እኛ የእቁብ ጓደኛሞች ነን። አንዳንዶቻችን ነጋዴ፣ አንዳንዶቻችን መምህር። ዱባይ ዕቃ ለማምጣት የሚመላለሱት ጓደኞቻችን «እግረ መንገዳችንን እንዝናና» ብለው ጀመሩት፤ ሌሎቻችን ተከተልን። ሰባት ሆንን። ፖስተሩን የሚያዞረውን፣ ጉዞውን የሸጠልንን አገናኝ ስም እዚህ አልጠራም፤ ቅሬታችን ገና አላለቀም። ግን ደብረ ሲናም፣ ሸዋ ሮቢትም፣ መሐል ሜዳም ያላችሁ ጓደኞቻችሁን እያሰባሰባችሁ ከሆነ፣ አንድ ሰው እንኳ ቀብድ ሳይከፍል ይህን ብታነቡ ይሻላል።

ያ 199 ዶላር ምንድን ነው? ክፍሉን ለሁለት ለሚጋራ አንድ ሰው፣ መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል፣ ገበያው በቀዘቀዘበት ቀን የሚጠራ ዋጋ ነው። የወደብ ክፍያና ታክስ የለበትም። የአገልግሎት ጉርሻ የለበትም። ውሃና ከቡፌው የሚቀዳ ሻይ ቡና ካልሆነ በቀር መጠጥ የለበትም። ዋይፋይ የለበትም። የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ ዱባይ የሚታደርበት ሆቴል ጭራሽ አይነሳም። እንዲህ ያለው አከፋፈል በመርከብ ጉዞ ዓለም የተለመደ ነው፤ ኩባንያዎቹም በድረ ገጻቸው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ይጽፉታል። የእኛ አገናኝ ግን «ሁሉም ያለቀ ነው፣ እናንተ ልብስ ብቻ ያዙ» ብሎ በድምፅ መልእክት ላከልን። ድምፁ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ትልቁን ጭቅጭቅ ያመጣው የሰው ብዛት ነው። ክፍል የሚሸጠው በሁለት ሰው ሂሳብ ነው። ብቻውን የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ የሌለውንም ጓደኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ማለት እጥፍ። ሰባት ስንሆን አንዱ ይተርፋል። አገናኙ ልጅ «ችግር የለም፣ ሰባተኛው ሰፋ ብሎ ይተኛል» አለ። ሰፋ ብሎ የመተኛቱ ሂሳብ የመጣው ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ነው። የእቁብ ዳኛችን፣ በእኛ መካከል ብር አጉድሎ የማያውቅ ሰው፣ «ይህን ከየት አባቴ ላምጣ?» ብሎ ተቀመጠ። ለሰባት ተከፋፍለን ከፈልን። ከፍለንም ግን መኮራረፉ እስከ ቦሌ ድረስ ተከትሎን ሄደ። የሚያናድደው መፍትሔ የነበረው መሆኑ ነው። ብዙ መርከቦች ላይ ከጣሪያ የሚወርድ ወይም ከሶፋ የሚዘረጋ ሦስተኛ አልጋ ያላቸው ክፍሎች አሉ፤ የሦስተኛው ሰው ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ያነሰ ነው። ገና ሲያዝ መጠየቅ ብቻ ነበር። ሻጩ ይህን ካላወቀ ሥራውን አያውቅም፤ አውቆ ዝም ካለ ደግሞ ሌላ ነው።

«ጎን ለጎን ነው የምትሆኑት» የሚለውም ቃል አልሠራም። ርካሹ ዋጋ የክፍል ቁጥር አያስመርጥም። ኩባንያው የተረፈውን ክፍል መነሻው ቀን ሲቃረብ ያድላል። ሁለቱ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ፣ ሌሎቻችን ከአንድ ረጅም ኮሪደር ጫፍ ተበተንን። በውስጥ ክፍል ሌሊትና ቀን አይለይም። መንዝ ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን ጠዋት ጠዋት የሚነቃው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ነው። ከመርከቡ አፍንጫ ላይ ያለው ካሜራ የሚያሳየው ቻናል አለ፤ ፀሐይ መውጣቷን ከዚያ ያረጋግጣል።

ወደ ጉርሻው ልመለስ። በአብዛኞቹ መርከቦች የአገልግሎት ክፍያ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ሂሳባችሁ ላይ በራሱ ይመዘገባል። እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ከ12 እስከ 20 ዶላር መካከል ያለው የተለመደ ነው። 15 እንኳ ብንይዝ፣ ለሰባት ሰው ለሦስት ሌሊት 315 ዶላር ይሆናል። ይህ ከአንድ ሰው «ሙሉ ዋጋ» በላይ ነው። መጠጥ ስታዙ ደግሞ ዋጋው ላይ መቶኛ ይጨመርበታል። የባሕር ላይ ኢንተርኔት ውድ ነው። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ካላደረጋችሁና ሮሚንግ ከከፈታችሁ መርከቡ የራሱን የሳተላይት ኔትወርክ ያገናኛችኋል፤ እሱ በደቂቃ የሚቆጥረውን አያድርስ።

መርከብ ላይ በጥሬ ብር አይገዛም። ሲገቡ ካርድ ይሰጣል፤ በር የሚከፍተውም ሂሳብ የሚያስመዘግበውም እሱ ነው። ከጀርባው የዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ወይም የዶላር ተቀማጭ ይጠይቃሉ። እዚህ ለኤቲኤም የምንጠቀምበት ተራ ካርድ አይሠራም። ይህን ማንም አልነገረንም። ከመካከላችን ዓለም አቀፍ ካርድ የያዘችው አንዲት ልጅ ብቻ ስለነበረች የሁላችንም ሂሳብ በእሷ ላይ ወደቀ፤ ባንኩም የያዘውን ተቀማጭ የለቀቀላት አገር ቤት ከገባን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ቪዛው። ከዱባይ ተነስታችሁ ዶሃን ወይም ሌላ አገር ነክታችሁ ወደ ኤምሬትስ የምትመለሱ ከሆነ፣ አገሪቱን ሁለት ጊዜ ትገባላችሁ ማለት ነው። አንዴ በአውሮፕላን፣ አንዴ በመርከብ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የመርከብ ኩባንያዎችም ያለ እሱ አያሳፍሩም። የእኛ አገናኝ ያወጣልን አንድ ጊዜ የሚያስገባውን ነው፣ ርካሹን። ልብ ያለችው አዲስ አበባ የምትሠራው ጓደኛችን ናት፤ ለኩባንያው ደውላ ጠይቃ። ልጁን ስናፋጥጠው «እናንተ መች መርከብ ነው አላችሁኝ?» አለ። ፖስተሩ ላይ ያለው መርከብ ነው እኮ! ከዚያ ለአዲሱ ቪዛ በድጋሚ አስከፈለን፤ የመጀመሪያውም አልተመለሰም። የየወደቡን አገር የቪዛ ሁኔታም ለየብቻ ጠይቁ። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ ይኑረው። ቪዛ ተከለከላችሁ ብሎ ርካሽ ትኬት የሚመልስ ኩባንያ ደግሞ ብዙም አትጠብቁ።

ምንዛሪውም ሌላ በር ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዶላር ዋጋ ይቀያየራል። ልጁ ቀብዱን በአንድ ዋጋ ተቀበለ፤ ቀሪውን ስንከፍል «ጨምሯል» ብሎ የቀብዱንም ልዩነት ጠየቀ። የተከፈለ ብር እንዴት ተመልሶ ይጨምራል? በየትኛው ቀንና በየትኛው ባንክ ዋጋ እንደሚሰላ ገና ሲጀመር በጽሑፍ ያዙ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ወረቀቱ 16:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው። ዱባይ ደግሞ ከእኛ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ያልተቀየረ የእጅ ሰዓት ያኔ 9 ይላል። መሳፈሪያው ከመነሻው ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ መርከብ ደግሞ እንደ ሚኒባስ «አንድ ሰው ቀረ» ብሎ አይቆምም።

ስለ ጀበናው ካልነገርኳችሁ ጓደኛዬ አትለቀኝም። አገናኙን «ቡና ማፍላት ይቻላል?» ብላ ጠይቃው «ምን ችግር አለው!» ብሏታል። ጀበና፣ ሲኒ፣ የተቆላ ቡናና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛ መጣች። ወደብ ላይ ሻንጣው በፍተሻ ማሽን ሲያልፍ ቀዩ መብራት በራ። ምድጃውን አወጡ፣ ወረቀት አሠሩበት፣ ስትወርጂ ትወስጂዋለሽ አሏት። ማሞቂያ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ካውያም ቡና ማፍያም፣ በእሳት ፍራቻ ክልክል ነው። ጀበናው ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ጌጥ ሆኖ ሰነበተ። እሷ ካፌው ሄዳ በዶላር ማኪያቶ ጠጣች፣ እየተራገመች። አረቄም ቢሆን እንዳትሞክሩ። ይይዙባችኋል።

ለጾመኞች አንድ ነገር። የባሕረ ሰላጤው የመርከብ ወቅት ሙቀቱ ጋብ በሚልባቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። ያ ማለት የነቢያት ጾምም ዐቢይ ጾምም ውስጡ ይወድቃል። ቡፌው ላይ ሩዝ፣ ምስር፣ ሰላጣ አይጠፋም፤ ቅቤው የት እንደገባ ግን አይታወቅም። ስትመዘገቡ «ቪጋን» አስብላችሁ አስጽፉ፤ እዚያ ደርሶ ማስረዳት ይደክማል። ጋቢ ግን ያዙ። ደብረ ብርሃን ያልበረደው ሰው እዚያ ኤርኮንዲሽነር ያንቀጠቅጠዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልሂድ የሚል አለ፤ አልፈርድም፣ ባሕሩ ያምራል። ግን ለአገናኙ ሁለተኛውን ብር ከመስጠታችሁ በፊት የቦታ ማስያዣ ቁጥር ጠይቁት። በዚያ ቁጥርና በስማችሁ የመርከብ ኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ስንት ሰው እንደተመዘገበ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን እንደተከፈለና ምን እንደቀረ ታያላችሁ። ቁጥሩን «በኋላ» ካለ፣ ገና ምንም አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል። እኛ ዘግይተን ስንገባ ሙሉ ተከፍሏል የተባለው ገንዘብ ግማሹ እንኳ አልገባም ነበር። ንግድ ፈቃዱንም በኢትሬድ፣ በንግድ ሚኒስቴር የፈቃድ ድረ ገጽ፣ ላይ አጣሩ፤ ደቂቃም አይፈጅ። የእኛ ሰው ፈቃዱ ለሌላ ሥራ የወጣ ነው።

ቅሬታ ለማቅረብ ስንነሳ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴም ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። እኛ ደረሰኝ ያለን ለአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ ነው። የቪዛው፣ የወደቡና የዚያ «ሰፋ ብሎ የሚተኛው» ሰው ብር በሙሉ በልጁ የግል ሂሳብ ነው የገባው። ስለዚህ አሁን የባንክ ስሊፖቹን፣ የቴሌግራም ጽሑፎቹንና ያን የድምፅ መልእክት እየሰበሰብን ነው። ከዚሁ ሰው ጋር የሄዳችሁ ካላችሁ የእናንተንም ስሊፕ አትጣሉት፤ አብረን ማመልከት እንችላለን።