በጎንደር «ክሪስታል» እየተባለ የሚሸጠውን የጥፍር ሞረድ ከመግዛታችሁ በፊት

በጎንደር ከተማ ጥምቀት ሲቃረብና የሠርግ ወራት ሲገባ የእጅና የእግር ጥፍር መንከባከቢያ ዕቃዎች ገበያ ይደራል። በዚህ ወቅት «ክሪስታል»፣ «ኦሪጅናል የመስታወት ሞረድ»፣ «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል» እየተባለ በጥቅል የሚሸጥ አንድ ዕቃ በአንዳንድ የኮስሞቲክስ ሱቆችና በቴሌግራም ትዕዛዝ በሚቀበሉ ሻጮች ዘንድ በብዛት እየታየ ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት በጥቅሉ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እንድታውቁት ነው። መስታወት የተባለው ሞረድ ፕላስቲክ ነው፤ ለተፈጥሮ ጥፍር ይሆናል የተባለው ሌላኛው ደግሞ ለአርቴፊሻል ጥፍር የተሠራ እጅግ ሻካራ ሞረድ ነው።

ታናሽ እህቴ ይህንኑ ጥቅል ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ በ600 ብር ገዝታ ስለነበር፣ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ አውጥተን በጥሞና ለመመርመር ችለናል። እጀታው ላይ አበባ የተሳለበት ብርሃን አሳላፊ ሞረድ፣ ሁለት ገጽ ያለው ወፍራም ጥቁር ሞረድ፣ ጫፉ የሾለ የብረት ሞረድ እና ጥፍር ማብረቅረቂያ ባለ አራት ገጽ ስፖንጅ ይዟል። ማሸጊያው በወርቃማ ቀለም ያጌጠና ለስጦታ የሚመች ቢሆንም፣ የአምራቹ ስምም ሆነ ዕቃዎቹ የተሠሩበት ነገር የትም ቦታ አልተጻፈበትም። ጥቁሩ ሞረድ ላይ ብቻ፣ እጀታው አጠገብ፣ በዓይን ለማንበብ በሚያስቸግር ትንሽ ጽሕፈት 80/100 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ሻጩ ለእህቴ አልነገራትም፤ ሞረዱ ለማንኛውም ጥፍር እንደሚሆን ግን አረጋግጦላታል።

በቅድሚያ ስለ መስታወቱ ሞረድ ልናገር። እውነተኛ የመስታወት ሞረድ በዓለም ገበያ አለ፤ በተለይም የቼክ ሪፐብሊክ አምራቾች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት ገጹ በአሲድ እንዲበላ ይደረግና እጅግ ደቃቅ የሆነ ሻካራነት ያወጣል። ስለዚህ ሻካራው ገጽ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳይሆን የራሱ የመስታወቱ አካል ነው፤ አይላጥም፣ በሳሙና ይታጠባል፣ በአልኮል ይጸዳል፣ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ካልተሰበረ በስተቀርም ለዓመታት ያገለግላል። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ እውነተኛ ዕቃ ነው፤ አስመሳዩን የሚሸጡት ሰዎች ቃሉን ወስደው ዕቃውን ትተውታል።

የእህቴን ሞረድ በጎኑ አዙረን ወደ መስኮት ብርሃን ስንይዘው ግልጹ ፕላስቲክ ለብቻው፣ በላዩ ያለው የአሸዋ ንጣፍ ለብቻው ሆነው፣ በመካከላቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀጭን የሙጫ መስመር በግልጽ ይታያል። ጥቂት ጊዜ ከተጠቀመችበት በኋላ የመካከለኛው ክፍል አሸዋው አልቆ ለስለሰ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ስታጥበው ደግሞ የንጣፉ አንዱ ጠርዝ ተነሥቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መገንጠል ጀመረ። ከሙጫው የሚለቁት ጥቃቅን ጠጠሮች ጥፍርና ሥጋ በሚገናኙበት ቦታ ይቀራሉ፤ ይህ ለማሳከክና ለመቆጣት ምክንያት ስለሚሆን እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

አስመሳዩን ከእውነተኛው መለየት አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሻጩ ማሸጊያውን እንዲከፍተው መጠየቅ ብቻ ነው። መስታወት ከፕላስቲክ ይከብዳል፤ ጉንጭ ላይ ወይም ከንፈር ላይ ሲያስነኩትም ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የለውም። በሳንቲም ቀስ ብለው ቢመቱት መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ፕላስቲክ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በሁለት እጅ ይዘው በትንሹ ለማጉበጥ ሲሞክሩ እሺ የሚል ከሆነ መስታወት አለመሆኑ በዚያው ይታወቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ከጎን ማየት ነው፤ የሙጫ መስመር ወይም የተለጠፈ ንጣፍ ጠርዝ ከታየ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ማሸጊያውን ለመክፈት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካጋጠማችሁ ዕቃውን ባለበት ትታችሁ ብትሄዱ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

በጥቅሉ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጥቁሩ ሞረድ ነው፤ ምክንያቱም ፕላስቲኩ የሚያባክነው ገንዘብ ሲሆን ጥቁሩ የሚጎዳው ጥፍርን ነው። በጥፍር ሞረዶች ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሻካራነት ደረጃን ያመለክታል፤ አናጺዎች በሚጠቀሙበት የብርጭቆ ወረቀት ላይ ያለውም አቆጣጠር በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ቁጥሩ አነስተኛ በሆነ መጠን ጠጠሮቹ ትልልቅና ሻካራ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ደቃቅና ለስላሳ ይሆናሉ። 80 እና 100 የተጻፈባቸው ሞረዶች በውበት ሳሎን ውስጥ አክሪሊክ የተባለውን ጠንካራ አርቴፊሻል ጥፍር ለመቅረጽ የሚያገለግሉ ናቸው። 180 ለአርቴፊሻል ጥፍር ማስተካከያና ወፍራም ለሆነ የእግር ጥፍር ይሆናል። ለተፈጥሮ የእጅ ጥፍር የሚመከረው 240 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ጥፍራቸው ስስ የሆነ ወይም ቶሎ የሚሰነጠቅባቸው ሰዎች ከ240 በታች የሆነውን ባይነኩት ይሻላል።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የጥፍርን አሠራር ማየት ይበቃል። ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ፣ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ስስ ንብርብሮች ያሉት አካል ሲሆን፣ የእጅ ጥፍር ውፍረት በአማካይ የአንድ ሚሊ ሜትር ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ባለ 80 ወይም ባለ 100 ሞረድ በጥፍር ጫፍ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ጫፉን ከማለስለስ ይልቅ ንብርብሮቹን እየጎተተ ያላቅቃቸዋል። ጉዳቱ በዚያው ዕለት ላይታይ ይችላል፤ በማግስቱ ልብስ ሲታጠብ ወይም ሽንኩርት ሲከተፍ ግን ጫፉ በስስ ቅርፊት መልክ መነሣት ይጀምራል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ የተሰነጠቀው ክፍል አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ እህቶች ጥፍሬ በተፈጥሮው ደካማ ነው፣ ካልሲየም ይጎድለኛል እያሉ ለመድኃኒት ገንዘብ ሲያወጡ አያለሁ፤ ከዚያ በፊት በቤታቸው ያለውን ሞረድ አገላብጠው ቁጥሩን ቢያነቡ መልካም ነው።

ሞረዱ ጥፍራችሁን እየጎዳው መሆኑን በቤት ውስጥ ለማወቅ የነጠላ ጠርዝ ይበቃል። ጥፍራችሁን ከሞረዳችሁ በኋላ ጫፉን በነጠላው ስስ ክር ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ጥሩ ሆኖ የተሞረደ ጥፍር ሳይዝ ያልፋል፤ የተቦጫጨቀው ግን ክሩን ይዞ ይጎትታል። እህቴ በጥቁሩ ሞረድ የሠራችው አውራ ጣት ክር እየመዘዘ ሲያስቸግር፣ በተራ ባለ 240 የወረቀት ሞረድ የሠራችው ሌላው እጇ ግን ምንም ሳይነካ አልፏል።

ትክክለኛውን ሞረድ የገዛም ሰው አጠቃቀሙን ካላወቀ ጥቅሙን አያገኝም። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና ስለሚለሰልስ፣ ልብስ ካጠቡ ወይም ገላ ከታጠቡ በኋላ ወዲያው መሞረድ ንብርብሮቹን በቀላሉ ያስለቅቃል፤ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ርዝመቱን መቀነስ ሲፈለግ አስቀድሞ በጥፍር መቁረጫ መቁረጥና ሞረዱን ጫፉን ለማስተካከል ብቻ መጠቀም ተገቢ ነው። ሞረዱን በጥፍሩ ጫፍ ላይ በቀላሉ አሳርፎ ከአንዱ ጎን ወደ መካከል፣ ቀጥሎም ከሌላው ጎን ወደ መካከል በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሳብ ይገባል። የጎን ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ አጥልቆ መሞረድ ጥፍሩን የሚደግፈውን ቦታ ስለሚያሳጣው በቀላሉ እንዲሰበር ያደርገዋል። በእግር ጥፍር ላይ ደግሞ ማዕዘኑን አጥልቆ መቁረጥም ሆነ መሞረድ ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንዲገባ ምክንያት ስለሚሆን፣ የእግር ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ የማዕዘኑ ስለት ብቻ በትንሹ ይነካል። እንሶስላ የምትሞቁ እናቶችና እህቶችም ጥፍራችሁን አስቀድማችሁ ሞርዱ፤ ከቀለሙ በኋላ የሚሞረድ ጥፍር ጫፉ ነጥቶ ስለሚቀር የተደከመበት ሁሉ ይበላሻል።

ስለ ብረቱ ሞረድ አጥብቄ የማሳስበው ጉዳይ አለ። ጫፉ የሾለው ጥፍር ሥር ያለውን ቆሻሻ ለማውጣት ነው እየተባለ ይሸጣል፤ ነገር ግን በሾለ ብረት ጥፍር ሥር መቆፈር ጥፍሩን ከሥጋው ያላቅቀዋል፤ በቆሰለው ቦታም ጀርም ገብቶ ጥፍረ መጥምጥ ሊያስከትል ይችላል። በተለይ የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆች በቤታችሁ ካሉ ይህን ዕቃ ከእግራቸው አርቁት። ሕመሙ የእግርን የመሰማት ኃይል ስለሚቀንስ ሲቆስሉ ላይታወቃቸው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። የእነርሱ ጥፍር በለስላሳ ሞረድ፣ በብርሃን፣ በሚያይ ሰው እጅ መሠራት አለበት፤ ጥፍሩ የወፈረ ወይም ወደ ሥጋ የገባ ከሆነ ደግሞ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ እንጂ በቤት መታገል አይገባም። ስፖንጁን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ማብረቅረቅ ማለት የጥፍርን የላይኛውን ገጽ መፋቅ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ የሚደረግ ከሆነ ጥፍሩን ያሳሳዋል።

የጥቅሉ ማስታወቂያ «ለመላው ቤተሰብ» ማለቱም ትክክል አይደለም። የወረቀትና የስፖንጅ ሞረድ በውስጡ የጥፍር ብናኝና እርጥበት ስለሚይዝ በሚገባ ሊጸዳ አይችልም፤ ስለዚህ የጥፍር ፈንገስ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዲያልፍ መንገድ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ ሞረድ ሊኖረው፣ የእግሩም ከእጁ ሊለይ ይገባል። ወደ ውበት ሳሎን ስትሄዱ የራሳችሁን ሞረድ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም ሊከፋበት አይገባም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ደስ ብሎት ይቀበላችኋል።

ታዲያ ምን እንግዛ ለምትሉ፣ ለአብዛኛው ቤት የሚበቃው ቁጥሩ በግልጽ የተጻፈበት ባለ 240 ተራ የወረቀት ሞረድ ነው። ዋጋው ከዚህ ጥቅል ጋር አይወዳደርም፤ ሲያልቅ ይጣላል፤ ማንንም አያታልልም። ለእግር ጥፍር ባለ 180 መጨመር ይቻላል። እውነተኛ የመስታወት ሞረድ ካገኛችሁ ግዙት፤ ነገር ግን ከላይ በተነገረው መንገድ ሳትመረምሩት አይሁን። በቴሌግራም የሚሸጥ ከሆነ ሞረዱ ከጎኑ የተነሣ ፎቶግራፍና ቁጥሩ የሚነበብበት ምስል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሳታዩም በቴሌብር ቀድማችሁ አትክፈሉ።

ጥቅሉን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዕቃውን ከነማሸጊያውና ከነደረሰኙ ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ፕላስቲክን መስታወት ብሎ መሸጥም ይህን መብት መጣስ ነው። እህቴ ደረሰኝ ስላልተሰጣት ሻጩ እኔ አልሸጥኩልሽም ብሎ መልሷታል። ስለዚህ ዋጋው ትንሽ ነው ብላችሁ ሳትተዉት ደረሰኝ ጠይቁ፤ በደረሰኙም ላይ «የመስታወት ሞረድ» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ። ሻጩ አልመልስም ካለ አቤቱታችሁን ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ስታቀርቡ፣ የተላጠውን ሞረድ በጎኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አብራችሁ አያይዙ።