«ኮድ የለም» ያለኝ ስካነር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የመኪና ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር (ኮድ) በስልክ የሚያሳይ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ብሉቱዝ ስካነር ጥቅምት ላይ በ1,800 ብር ስገዛ ሻጩ «ከመሪው ስር ሰካው፣ በሽታዋን ራሱ ይነግርሃል» ብሎኝ ነበር። ዋሽቶኛል። መጀመሪያ ቀን የነገረኝ «ምንም ኮድ አልተገኘም» የሚል ብቻ ነው። የኔ የ2004 ኮሮላ ግን ሞተሯ በተነሳ ቁጥር ከኋላዋ የቆመ ሰው በቤንዚን ሽታ አፍንጫውን ይይዛል፤ የማርሚታዋ ጫፍ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል፤ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰው ይወጣሉ።

ሜካኒኮቹ «ሪች ሆናለች» ይላሉ፤ ቤንዚን በዝቶባታል ማለታቸው ነው። እሱንማ አፍንጫዬም ነግሮኛል። ካንዴላ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ኢንጀክተር አሳጠብኩ። ከጭሱ ቤንዚን መብዛት ማነሱን ለኮምፒውተሯ የሚነግረውን የኦክስጅን ሴንሰር በመልቲሜትር ለኩትና 0.8 ቮልት ላይ ድርቅ ብሎ ሲያገኙት «ሞቷል» ብለው አዲስ አስገዙኝ። አንዱ ደግሞ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን እኮ ደጋ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ይበዛባታል» አለኝ። ካርቡሬተር ላላት ለድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ልክ ነው፤ ካርቡሬተር ከ2,700 ሜትር በላይ መውጣቱን በምን ያውቃል? ኢንጀክሽን ያላት ግን የሚገባውን አየር በሴንሰር ለክታ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ትቀንሳለች። ይቺ ስትሰራ ከተራራው ጋር ጠብ የላትም።

አንድ ቀን ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ የኮዱን ገጽ ትቼ የቀጥታ ቁጥሮቹን ከፈትኩና ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። «የውሃ ሙቀት የሚለውን እያነበብሽ ንገሪኝ።»

«ሃምሳ ስምንት፣ አባዬ።»

ጣርማበር ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ ስንደርስ ስልሳ አንድ። ቁልቁለቱን ስንወርድ አርባ ዘጠኝ። የሞቀ ሞተር ከ80 በላይ መሆን ነበረበት!

ሴንሰሩ ይሆን የሚዋሸው፣ ወይስ ሞተሩ እውነትም በርዶታል? በማግስቱ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ አየሁ፦ ውሃው 8 ዲግሪ፣ የሚገባው አየርም 8 ዲግሪ። ሌሊቱን ውጪ ላደረች መኪና ሁለቱ መግጠም አለባቸው፤ ገጠሙ። ስለዚህ ሴንሰሩ አልዋሸም። ከዚያ አስነስቼ የራዲያተሩን የላይኛ ጎማ በእጄ ያዝኩት። ሞተሩ እስኪግል ቀዝቃዛ መሆን የነበረበት ጎማ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ለብ ማለት ጀመረ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚከለክለውን የተርሞስታቱን ቤት ስንፈታው ባዶ ነው። የለም!

መኪናዋን ለሸጠልኝ የሸዋ ሮቢት ሰው ደወልኩ። «ኧረ እሱንማ እኔ ነኝ ያስወጣሁት፤ እዚህ ቆላው ላይ እየጋለች አላስኬድ ስትለኝ» አለኝ፣ በጣም ተረጋግቶ። ለሱ መድኃኒት የሆነው ለኔ በሽታ ሆኖ ደጋ ወጣ። ውሃው ያለ ከልካይ በራዲያተር እየዞረ ሲበርድ ኮምፒውተሯ ገና አሁን የተነሳች እየመሰላት ቤንዚን ትጨምራለች። ያ ምስኪን የኦክስጅን ሴንሰርም «ቤንዚን በዝቷል» ብሎ እውነቱን ስለተናገረ ነው የተባረረው።

82 ዲግሪ ላይ የሚከፈት ተርሞስታት አስገባሁ። አሁን 88 አካባቢ ቁጭ ብላለች፤ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው 11 ትሄዳለች።

ስካነሩ ጥፋትም አለበት፤ ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ቢነቀልም ከባትሪው መሳቡን አያቆምም። ኅዳር ላይ ለሦስት ቀን ተሰክቶ ረሳሁት። ባትሪዋም አርጅታ ነበርና በዚያ ውርጭ የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። አሁን እንደተጠቀምኩ እነቅለዋለሁ።

«ሃያ ሺህ ብር የሚያወጣውን ብትወስድ ይሻልህ ነበር» የሚለኝ ሻጭ ይታየኛል። ወንድሜ፣ ያንተም ቢሆን ኮድ ከሌለ የለም ነው የሚለው! የሚያሳየኝም ያንኑ ሃምሳ ስምንት ነው። 1,800 ብሬ አያስቆጨኝም፤ ነገም ቢጠፋብኝ ሌላ እገዛለሁ። አንተ ግን በሽታ ይናገራል እያልክ አትሽጥ፣ ቁጥር ያሳያል በል።

አሮጌውን የኦክስጅን ሴንሰር መልሼ ሞከርኩት፤ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ይሠራል። አዲሱን ልመልስ ብል «የተገጠመ ዕቃ አንቀበልም» ተባልኩ።