ኢንዶሜታሲን 25 ሚሊ ግራም፦ ለአንድ ወገን ራስ ምታት

ሄሚክራኒያ ኮንቲኑዋ ለሚባለው ራስ ምታት ኢንዶሜታሲን የተባለውን የሕመምና የብግነት ማስታገሻ የሚስተካከል መድኃኒት የለም። ሕመሙ አንዱን የራስ ወገን ብቻ ይዞ ከሦስት ወር በላይ አይለቅም፤ ለዘብ ብሎ ይውልና ድንገት ይነሣል። ሲነሣ በዚያው ወገን ያለው ዐይን ይቀላል፣ ያነባል፣ ቆቡ ወረድ ይላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ አፍንጫም ይታፈናል። ብዙዎች ማይግሬን ወይም ሳይነስ ተብለው ለዓመታት ይታከማሉ፤ ደኅና ጥርሳቸውን የሚያስነቅሉም አሉ።

መድኃኒቱ ማከሚያም መለያም ነው፦ በበቂ መጠን ተወስዶ ሕመሙን ጨርሶ ካላጠፋው በሽታው ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው መጠኑ ላይ ነው። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በ25 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ያስጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ካልተሻለ ወደ 50 ሦስት ጊዜ፣ ካስፈለገም ወደ 75 ሦስት ጊዜ ያሳድገዋል። በ25 ቆሞ «አልሠራልኝም» ማለት ሳይሞክሩ መተው ነው። ከተሻለ በኋላ መጠኑ ሕመሙን እስከያዘ ድረስ ይቀነሳል። ፋርማሲው «የለም፣ ዲክሎፌናክ ውሰድ» ቢል ይህ ሌላ ማስታገሻ አይተካውም፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ደግሞ ጨጓራን ያደማል።

ጉዳቱ ያለው እዚያው ጨጓራ ላይ ነው። ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራምም ከቁርስ በፊት ይታከልበታል። ጎጃም ላይ ዋናው ጥያቄ ጾም ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው የጠዋቱን ካፕሱል በባዶ ሆድ መዋጥ የለበትም። የሽሮ ጾም ችግር የለውም፤ የሚጎዳው ባዶ ሆድ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ሳይገባ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ጸበል የሚጠጡም መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ሲቋረጥ ሕመሙ ቶሎ ይመለሳል። አረቄ ግን ይቅር፤ ጨጓራን ያቆስላል፣ ሕመሙንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት አስቀድሞ ይታከም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው።

የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ላለበት፣ የጨጓራ ቁስል ላለበት፣ አስፕሪን አስም ለሚያስነሣበትና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው የደም ግፊቱንና ኩላሊቱን እየተመረመረ ይቀጥል። ከመጀመሩ በፊት የራስ ኤምአርአይ መነሣት ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ድረስ ቢያስኬድም ያዋጣል። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ራስ ምታቱ አዲስ የጀመረው ሰው ደግሞ ብግነትን የሚያሳይ የኢኤስአር የደም ምርመራ ሳያደርግ መድኃኒቱን አይጀምር፤ የጆሮ ግንድ ደም ሥር ብግነት ከሆነ ዐይን ያጠፋልና።