የገና ዱላና ጥንግ ከአየርላንዱ ኸርሊ ጎን ሲመዘኑ

ገና ሲቃረብ በጎጃም ገበያዎች ከመጥረቢያ እጀታና ከሽመል ጎን ቆልማማው ዱላ ብቅ ይላል። እዚህ የሚመዘነው ይኸው ዱላ፣ አብራው የምትሸጠው ኳስ፣ እንዲሁም አየርላንዶች ኸርሊንግ ለሚባለው ባህላዊ ጨዋታቸው የሚይዙት ኸርሊ ነው። ፍርዱ ይቅደም። ተፈጥሮ ያጎበጠው የወይራ ወይም የክትክታ ዱላ ገንዘብ ይገባዋል። ከጠፍር የተጠቀለለችው ጥንግም እንዲሁ። ከእንጨት የምትጠረበውን እሩር ግን ለልጅ ማንም ባይገዛ እንመርጣለን። ኸርሊው ግሩም ዕቃ ነው፤ ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ግን ለጠራቢዎቻችን ናሙና መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ዱላ የሚመርጠው የጉብጠቱን ማማር አይቶ ነው። መታየት ያለበት የእንጨቱ ጅማት የሚሄድበት መንገድ ነው። ጉብጠቱ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ቅርንጫፉ ራሱ ጎብጦ ያደገ ነው፤ ጅማቱ ከእጀታው ተነሥቶ ሳይቆረጥ እስከ ጫፉ ይዞራል፣ ምቱንም የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለተኛው በእርጥቡ በረመጥ ተለብልቦ የታጠፈ ነው። ጊዜ ተሰጥቶት ከተሠራ ይይዛል፤ በችኮላ የታጠፈው ግን በእጥፋቱ ውስጠኛ በኩል ሽብሽብ ይታይበታል፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥርም እየተቃና ይሄዳል። ሦስተኛው ከቀጥ ያለ እንጨት የተጠረበ ነው። ለዓይን ከሁሉም የተስተካከለ ስለሆነ ገዢ ያታልላል። አንገቱ ላይ ጅማቱ አጭር በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ምቶች ከዚያው ይቀነጠሳል።

ለመለየት ጣትን በውኃ አርሶ አንገቱን ማሸት ይበቃል፤ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ከጉብጠቱ ጋር አብረው ከዞሩ ግዙ፤ ጉብጠቱን አቋርጠው ጠርዝ ላይ ካለቁ መልሱለት። ቀጥሎ ዱላውን በሁለት ጣት ከእጀታው አንጠልጥሎ በሌላ እንጨት ኳ ማድረግ ነው። ጥርት ያለ ድምፅ የደኅና እንጨት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከወጣው ውስጡ ስንጥቅ ሳይኖር አይቀርም።

አየርላንዶችም የሚከተሉት ይህንኑ መርሕ ነው። ኸርሊ የሚወጣው አሽ ከተባለው ዛፍ ታችኛው ክፍል፣ ከመሬት እስከ 1.3 ሜትር ገደማ ካለው ግንድ ነው። ግንዱ ወደ ሥሩ ሲሰፋ የሚሠራው ጉብጠት የዱላው ሰፊ ጫፍ ይሆናል፤ ጅማቱ አይቆረጥም። ደስ የሚለው ነገር አሽና ወይራ በዕፅዋት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች መሆናቸው ነው። የሚለያዩት በክብደት ነው። አሽ ቀለል ያለና ተለማጭ ስለሆነ ምቱን ይውጣል፤ ወይራ ከባድና ግትር ስለሆነ ንዝረቱን ለእጅ ያስተላልፋል። ስለዚህ የወይራ ዱላ ቀጠን ተደርጎ መጠረብ አለበት፦ እጀታው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መምቻ ጫፉ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። የኸርሊ ጫፍ እስከ 13 ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ያ ግን ኳሷን ከመሬት አንሥቶ በአየር ላይ ለመምታትና በዱላው ላይ ተሸክሞ ለመሮጥ ነው። በገና ጨዋታ መሬት ለመሬት ለሚሄድ ምት ያን ያህል ስፋት ሣር ከመጥረግ ሌላ አይፈይድም።

ክትክታ ብዙ ውፍረት ስለማይኖረው ለልጅና ለጎረምሳ ዱላ ልክ ይመጣል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ከጫፎቹም ይሰነጠቃል። የአዊ ቀርቀሃ ለወንበርና ለአጥር የታወቀ ነው፣ ለገና ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጫፉ ይጨፈለቃል። አየርላንድ ውስጥ የቀርቀሃ ኸርሊ እንዳለ የሰማ ሰው እንዳይሳሳት፦ ያኛው ተሰንጥቆ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ወደዚያ የገፋቸውም ችግር ነው። አሽን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራቸው ውስጥ ተገኘ፣ ለኸርሊ የሚሆነውንም እንጨት በብዛት ከውጭ ያስገባሉ። የእኛ ወይራም ቢሆን በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ደን የቀረ ነውና ከዚያ የተቆረጠ ዱላ አይገዛ። ከአጥርና ከማሳ ዳር ወይራ የሚገረዝ ቅርንጫፍ ለዱላ ይበቃል።

ልኩን በተመለከተ የአየርላንዶቹ ዘዴ ለእኛም ይሠራል። ቀጥ ብሎ ቆሞ እጅን ወደ ጎን ማውረድ፤ ጫፉ መሬት ላይ ሲያርፍ የእጀታው አናት ከዳሌ አጥንት ትይዩ መሆን አለበት። የአዋቂ ኸርሊ ከ81 እስከ 94 ሴንቲ ሜትር ነው። ለልጅ የአባቱን ዱላ መስጠት ትልቁ ጥፋት ነው፤ ትከሻው በዱላው ክብደት ስለሚጎተት ምቱ ከኋላ ዘግይቶ ይመጣል፣ የጎኑን ልጅም ይመታል። ዱላ ሲያጥር ከእጀታው በኩል ይቆረጣል፤ ከመምቻው በኩል ከተነካ ጉብጠቱ ይበላሻል።

ወደ ኳሷ እንምጣ፤ የገና ዕቃ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የኸርሊንግ ኳስ ስሊተር ትባላለች። ውስጧ ቡሽ ነው፣ ላይዋ በሁለት ቁራጭ ቆዳ ተሰፍቶ ስፌቱ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ዲያሜትሯ ከ69 እስከ 72 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ከ110 እስከ 120 ግራም ተብሎ ተወስኗል። ባለ 5 ቁጥሩ የእግር ኳስም ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ጥንግ ግን ከሠሪ ሠሪ ትለያያለች። ሞጣ ላይ የተለመደ ምት ዳንግላ ላይ አይሠራም፤ የሰፈሩ ልጅ የዓመት ልምምዱን ይዞ የሚሄድበት ኳስ የለውም። እግር ኳስ የልጆቻችንን ልብ የወሰደበት አንዱ ምክንያት ቴሌቪዥን መሆኑ ግልጽ ነው። የጥንግ ልክ አለመወሰኑም ሌላው ነው ብለን እናምናለን።

ጥንግ ስትገዙ ወደ አንድ ሱቅ ሚዛን ውሰዷት። ዲያሜትሯ 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከ110 እስከ 130 ግራም ከመዘነች ጥሩ ናት። ለማሠራት ከፈለጋችሁ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጨርቅ በክር ጠበቅ ተደርጎ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ይጠቀለላል፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍር እየተሳበ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን እያቋረጠ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከዋለች ላይዋ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የውስጡ ጨርቅ ላላ ካለ እንቁላል ትመስላለች፣ አቅጣጫዋም አይታወቅም። በጠዋት ጤዛ ከተጫወቱባት ጠፍሩ ውኃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ በቀለጠ ሰም ማሸት ይከላከላል።

በዚያው በ7 ሴንቲ ሜትር የተጠረበች የወይራ እሩር ከ160 ግራም በላይ ትመዝናለች፤ አትለምጥም፣ ጠርዟም ይፈረፈራል። በኸርሊንግ ቡሽና ቆዳ የሆነችው ኳስ እንኳ በጠንካራ ምት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማንም ተጫዋች ያለ ራስ ቁር እንዳይገባ ተደንግጓል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ቂም እንዳይያዝ ነው፤ አገዳን ከስብራት የሚጠብቀው ዕቃው ነው። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካልሲያቸው ውስጥ የሚያስገቡት የአገዳ መከላከያ ለገና በትክክል ያገለግላል።

ገናን የሚወድ እግር ኳስን ይተው የሚሉ አሉ። አየርላንዶች ይህን ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1884 ተርለስ ከተማ የተመሠረተው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር አባላቱ እግር ኳስ፣ ራግቢ፣ ክሪኬትና ሆኪ እንዳይጫወቱ፣ እንዳይመለከቱም ለአሥርተ ዓመታት ከልክሎ ነበር። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1938 የእግር ኳስ ግጥሚያ በመታደማቸው ከማኅበሩ የክብር ጠባቂነት ተሰረዙ። ክልከላው እ.ኤ.አ. በ1971 ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የማኅበሩ ታላቅ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ራግቢና እግር ኳስን አስተናገደ። ኸርሊንግ አልጠፋም። እሑድ የአጥቢያውን ቡድን የሚደግፈው ሰው የእንግሊዝ ክለብም ይከተላል። ያቆየው ክለቡ በአጥቢያ መቆሙ፣ ተጫዋቹ ያለ ደመወዝ ለሰፈሩ መጫወቱ፣ ልጁም በልኩ የተሠራ ዱላ ቤቱ ውስጥ ማግኘቱ ነው። እኛም አጥቢያ አለን፣ ገናም ሰፈር ከሰፈር የሚገጥምበት ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ከነማን መደገፍና ማታ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ከገና ሜዳ አያግድም። የሚያግደው ዱላው በታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ መታወሱ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀው ፈረሱ ዓመቱን ሙሉ ከቤት ስለማይጠፋ ነው ብንል አንሳሳትም።

ዱላን ዓመት ለማቆየት ብዙ ሰው ቅቤ ያጠጣዋል። ቅቤ ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል፣ እጅም ያንሸራትታል። አየርላንዶች የሚቀቡት የተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ የእኛም እህል ነው። በቀጭኑ ቀብቶ፣ አንድ ቀን አሳድሮ፣ መድገም። የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው፣ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። ከውጭ የመጣ ኸርሊ በእኛ በጋ ቶሎ ስለሚደርቅ ይህ ቅባት ለእሱ ግዴታ ነው። ለእጀታው ከብስክሌት ከመነዳሪ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ እየሳቡ መጠምጠም ከማንኛውም ጨርቅ ይሻላል። ኸርሊ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ በቆርቆሮ ቀበቶ ይታሰራል። ለገና ዱላ ግን ጠርዙ ሥጋ ስለሚቆርጥ እርጥብ የፍየል ቆዳ ማጥለቅ የተሻለ ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጨብጠዋል።

ለታኅሣሥ 29 የሚሆን ዱላ መቆረጥ ያለበት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በሰም ተደፍነው፣ ከጭስ ርቆ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ሁለት ወር ከደረቀ አይሰነጠቅም። በገና ሳምንት ገበያ የሚገኘው ብዙው ገና እርጥብ ነው፤ ጥፍር ሲጫኑበት ምልክት የሚቀርበት ከሆነ ለዘንድሮ ሳይሆን ለከርሞ ነው የሚገዛው።