ርካሹ አዲስ ሃብ ወይስ ያገለገለው ዶክ?

በካሜራ የሚሠሩ ጓደኞቼ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ለላፕቶፔ የትኛውን ሃብ ልግዛ?» ሃብ አንዱን የላፕቶፕ ቀዳዳ ወደ ብዙ ቀዳዳ የሚከፍል ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዶክ ወይም ዶኪንግ ስቴሽን ደግሞ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቁ ዓይነት ነው። መልሴን ለሁላችሁም ላስቀምጠው። ሥራችሁ ከጠረጴዛ የማይነሣ ከሆነ ርካሹን አዲስ ሃብ ተዉት። ከቢሮ የወጣ፣ ያገለገለ ዶኪንግ ስቴሽን ግዙ።

ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከፍዬ ነው። የመጀመሪያውን ሃብ በ1,800 ብር ገዛሁ። ቀዳዳዎቹ ሰማያዊ፣ ሽፋኑ ላይ «3.0» የተጻፈበት፣ ሲያዩት የሚያምር ዕቃ ነበር። 200 ጊጋባይት የሰርግ ቀረጻ ከላፕቶፑ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ስገለብጥ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እውነተኛ ዩኤስቢ 3.0፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ቢሆን ከአሥር ደቂቃ ባልበለጠ ነበር። ቀዳዳውን በስልኬ መብራት አየሁት። እውነተኛው ዩኤስቢ 3.0 ዘጠኝ የብረት መንካኪያዎች አሉት። የእኔው ያለው አራት ብቻ ነው። ፕላስቲኩን ሰማያዊ አድርገው የሸጡልኝ የ480 ሜጋቢቱን ዩኤስቢ 2.0 ነው። ከዚያ ወዲህ በስልኬ መብራት ሳላይ ብር አላወጣም።

ሁለተኛውን በ3,200 ብር ወሰድኩ። ፍጥነቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ዲስክ ስሰካበት ገመድ አልባው ማውስ ይደነቃቀፋል። የዩኤስቢ 3 የኤሌክትሪክ ጫጫታ ማውሱና ዋይፋዩ በሚጠቀሙበት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ስለሚያርፍ፣ የውስጥ መከለያው ደካማ የሆነ ሃብ ማውሱንም ዋይፋዩንም ይረብሻል። ይህንንም ቻልኩት። በስምንተኛው ወር ግን ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራው ገመድ አንገቱ ላይ ተቆረጠ። የጥገና ባለሙያው ከፍቶ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሳየኝና በ350 ብር በየደልኝ። ከብየዳው በኋላ ግን ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዲስኩ ይጠፋል። እነዚያ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ተሸፍነው ካልሄዱ ፍጥነቱን አይሸከሙም፤ በእጅ ብየዳ ወደ ቦታቸው መመለስ ከባድ ነው። እስከዚህ ድረስ 5,350 ብር ወጥቷል፤ በእጄ ላይ የሚሠራ ዕቃ የለም።

ሦስተኛው ደብልዩዲ19 የሚባል ያገለገለ የዴል ዶክ ነው። 11,000 ብር ጠርተውልኝ ከ180 ዋቱ አዳፕተር ጋር በ8,500 ወሰድኩት። ይኸው ሁለት ዓመት ሠራሁበት። ሞኒተሩ፣ የኔትወርክ ገመዱና ዲስኩ ሁሉም በአንድ ገመድ ይገባሉ፤ ዴል ላልሆነው ላፕቶፔም እስከ 90 ዋት ይሰጣል። ከሁሉም በላይ የምወድለት ግን ገመዱ ቢበላሽ ብሎኑ ተፈትቶ መቀየሩን ነው። በሌኖቮው ቲንክፓድ ዩኤስቢ ሲ ዶክ ጄን 2 ደግሞ ገመዱ እንደ ስልክ ቻርጀር ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ይነቀላል። ዶክ ያለ አዳፕተር በ5,500 ብር የሚሸጡ ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ። ኦርጅናሉን አዳፕተር ፍለጋ ስትዞሩ ያተረፋችሁት ብር ያልቃል።

ዶክ አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሃብ በላፕቶፑ ባትሪ ስለሚሠራ ዲስኩ አይቋረጥም። ዶክ ላይ ግን በቅጂ መካከል መብራት ሄዶ የአንድ ሙሉ ቀን ቀረጻ ፋይል ተበላሽቶብኛል። አሁን ዲስኩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ነው የምገለብጠው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ያለው ዶኩን እዚያ ላይ ይሰካው።

ከቦታ ቦታ የምትዞሩ ከሆነ በእርግጥ ሃብ ያስፈልጋችኋል። ያኔ ስሙ የታወቀ፣ አራት ወይም አምስት ቀዳዳ ያለው ይበቃል። እኔ ስጠይቅ ከ5,000 እስከ 6,500 ብር ነበር። ለአሥራ ሁለት ቀዳዳ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ፤ ሁሉም የሚካፈሉት ወደ ላፕቶፑ የሚገባውን አንድ መስመር ነው። «3.2 ጄን 1» የሚለው ጽሑፍም አያታላችሁ፤ ያው የድሮው 5 ጊጋቢት ነው። «4ኬ» (ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል) ሲሏችሁ ስንት ኸርትዝ እንደሆነ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ጠይቁ። በ30 ኸርትዝ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ማቀናበር ዓይን ያደክማል።

በዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ የሚሠራው ፈጣኑ መስመር፣ ተንደርቦልት 3 እና 4፣ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ላፕቶፓችሁ ተንደርቦልት ከሌለው ግን ዋጋውን አትጠይቁ። ማክ ያላችሁ ደግሞ እወቁ፤ እንደ ዴሉና እንደ ሌኖቮው ባሉት ዶኮች ሁለት ሞኒተር ብትሰኩ ማክ ኦኤስ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚያሳየው።

የላፕቶፕ ታይፕ ሲ (ዩኤስቢ ሲ) ቀዳዳ ሁሉ ምስል ስለማያወጣ ላፕቶፓችሁንና ዲስካችሁን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ሞኒተር አስከፍታችሁ፣ አንድ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ጀምራችሁ ገመዱን አንገቱ ጋ ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ምስሉ ብልጭ ካለ ወይም ዲስኩ ከጠፋ፣ ሻጩ 1,000 ብር ቢቀንስላችሁም ትታችሁት ውጡ።