ለጎንደር ሆስፒታል የባክቴሪያ ላብራቶሪ ባለሙያዎች፦ እግዜር ይስጥልን

እማዬ ድናለች። ምስጋናዬ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርሶች፣ በተለይ ደግሞ ለባክቴሪያ ላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ሐኪሙን ሁሉም ያመሰግነዋል። እነሱን ግን አስታማሚ በዓይኑ እንኳ አያያቸውም።

ሕመሙ የጀመራት አዘዞ፣ ቤታችን እያለች ነው። ብርድ ብርድ አላት፣ አተኮሳት። አንድ ክሊኒክ ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጣት። ዊዳል ብቻውን ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት ኋላ ነው የሰማነው። ትንፋሿ እየፈጠነ፣ እጅ እግሯ እየቀዘቀዘ መጣ። መቀባዠርም ስትጀምር ይዘናት በረርን።

ሲስተሯ እማዬን እንዳየቻት ተጣደፈች። ግን አንቲባዮቲኩን በደም ሥር ከመስጠቷ በፊት ለካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለመለየት፣ ደም ቀዳች። ከሁለቱም ክንድ፣ ቆዳውን አጽድታ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ። ለምን ሁለቴ እንደሆነ ስጠይቃት ሳትሰለች አስረዳችኝ። ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ወደ አንዱ ጠርሙስ ቢገባ ከእውነተኛው ለመለየት ነው። ከዚያ መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረ። ካልቸር ቀናት ይወስዳል፤ እንዲህ የታመመ ሰው ደግሞ ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ባክቴሪያው ማደጉ እንደታየ የላብራቶሪው ተረኛ ወረቀቱ እስኪደርስ አልጠበቀም። ለሐኪሙ ራሱ ደወለ። ኢ. ኮላይ ነበር። ከሽንት ቧንቧ ተነስቶ ደሟ ውስጥ የገባ፣ ከቤት ይዛው የመጣችው። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ የትኛውን እንደተላመደም ለይተው ላኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የቀየረው ያኔ ነው። ትኩሳቷም ከዚያ በኋላ ወረደ። ያ ስልክ ባይደወል ብዬ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ጎንደርና አካባቢው ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ አትዙሩ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ውሰዱ። «ካልቸር ተወስዷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። ታማሚው ቤት የዋጠውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተወሰደ ባክቴሪያው በካልቸር ላያድግ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

እማዬም ስለ እናንተ ስነግራት እንዲህ ብላ መርቃችኋለች፦ «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ወልዳችሁ ሳሙ።»