ሳቅና ምርመራ በአንድ ፊልም፦ «ኬ ዴዞርፌቭር»

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት የፈረንሳይ የወንጀል ምርመራ ፊልሞች መካከል፣ አንሪ ዦርዥ ክሉዞ በ1947 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን «ኬ ዴዞርፌቭር» ያህል ሳቅንና ጭንቀትን አዋሕዶ የያዘ ሥራ አላየሁም። ርእሱ የፓሪስ የወንጀል ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኝበት የነበረው የሴን ወንዝ ዳር ጎዳና ስም ነው።

ቀናተኛው ፒያኖ ተጫዋች ሞሪስ፣ ዘፋኝ ሚስቱ ዤኒ ከአንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ጋር መቀጣጠሯን ሲደርስበት ሽጉጥ ይዞ ወደ ሰውየው ቤት ይሄዳል፤ ሽማግሌውን ግን ተገድሎ ያገኘዋል፤ ሲወጣ ደግሞ መኪናው ተሰርቋል።

እጅግ የማደንቀው ሱዚ ደሌር በዤኒነት የምትዘፍንበትን ክፍል ነው። ዜማው በሙዚቃ አሳታሚው ቢሮ ይጀምርና ሳይቋረጥ በልምምድ በኩል አልፎ በመድረክ ላይ፣ በሞላ አዳራሽ ፊት ይደመደማል፤ ከወራት ድካም የሚወለደው ዝና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዓይናችን ሥር ያድጋል፤ የባልየውም ቅናት ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ሉዊ ዡቬ መርማሪ አንትዋንን ሆኖ ሲገባ ፊልሙ ሌላ ነፍስ ይዘራል። የደከመው፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድገው ይህ ፖሊስ ጥያቄውን በለሰለሰ ድምፅ ይጀምርና ተጠያቂው ሳይነቃ መውጫውን ሁሉ ይዘጋበታል። ጋዜጠኞች የሚርመሰመሱበት ያ የገና ዋዜማ የፖሊስ ቢሮ ብርዱ ሳይቀር ይሰማል።

ቅር የሚለኝ የገዳዩ ማንነት የሚገለጥበት ጥድፊያ ነው፤ ፍንጮቹን በጥንቃቄ ሲከታተል ለቆየ ተመልካች መልሱ በቂ ዝግጅት አልተደረገለትም። ያም ሆኖ ክሉዞ በዚያው በ1947 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት ማግኘቱ ተገቢ ነበር እላለሁ።